ዘሎ ያልወረደ

ከአገሬ የወጣሁ ዕለት ዋዜማ፣ ማታ፣ እናቴ ስንቄን ስትቋጥር እጇ አልተንቀጠቀጠም። የሚንቀጠቀጠው የኔ ነበር። የቂርቆስ ሰው ሁሉ ያውቀኛል፤ ገብሬ ድንጉጡ ነኝ። በር ሲገጭ፣ ከኋላዬ ሰው ሲያስነጥስ፣ ድስት ሲወድቅ እዘላለሁ። ስወለድም እንዲሁ ነበርኩ ይላሉ። ታላቅ ወንድሜ ተሰማ ግን መብረቅ አጠገቡ ቢወድቅ የሚያንኮራፋ ሰው ነው። ከአንድ ማኅፀን ወጥተን!

እንግዲህ ጊዜው ጣሊያን አዲስ አበባን የያዘበት ነው። ተሰማ ለአርበኞች ጥይት ያቀብል ነበርና ይፈልጉት ጀመር። እኛው ቤት፣ ቆጥ ላይ፣ ከዶሮዎቹ ጀርባ ጆንያ ለብሶ ተደበቀ። እኔ ቀን ቀን ድንጋይ ሳቀብል የምውለው ጣሊያኖቹ ለሹሞቻቸው ቤት በሚሠሩበት፣ ዛሬ ካዛንቺስ በምትሉት ሰፈር ነው። ካፖው፣ የሥራ አለቃችን፣ በጮኸ ቁጥር ድንጋይ ከእጄ ይወድቃል። ሠራተኛው ይስቃል፣ እኔም እስቃለሁ። በቃ፣ ጠባይ ነው።

አንድ ቀን ካራቢኔሪ የሚሉት የጣሊያን ፖሊስ ከነቱርጁማኑ ቤታችንን ሊፈትሽ ገባ። አልጋውን ገለበጠ፣ የእህል ጎታውን አየ። ዓይኔን ከመሬት ላላነሳ ለራሴ ምዬ ነበር። ዓይኔ ግን የሚፈራውን ነገር ማየት ይወዳል፤ ሳላዘው ወደ ቆጡ ወጣ። ሰውየው ዓይኔን ተከትሎ ቀና ሲል አንዷ ዶሮ ካካ እያለች ፊቱ ላይ ወረደችበት።

"እንቁላልህን አልወስድብህም ይልሃል" አለኝ ቱርጁማኑ። ስቀው ወጡ።

እናቴ ዶሮዋን ወደ ቆጡ መለሰቻት። ሲመሽ ነው የጠራችኝ።

"ልጄ፣ ምላስህን አምነዋለሁ። ዓይንህ ግን ይናገራል።"

"ጨፍኜ ልቀመጥ እማዬ?"

"ፈሪ ለእናቱ ይላሉ። አንተ ለወንድምህ ሁንልኝ። ሂድ።"

ተሰማ ከላይ ሆኖ፣ "ዶሮዋን ግን እንዳታርጇት" አለ። ሳቅን። ከነሱ ጋር የሳቅኩት የመጨረሻ ሳቅ እሱ ነው።

አጎቴ ለገሃር ዕቃ ጫኝ ስለነበር ወደ ጅቡቲ የሚያሳልፈውን ወረቀት፣ እነሱ ፔርሜሶ የሚሉትን፣ አወጣልኝ። ባቡሩ አጠገብ ለጣሊያኑ ሹም ስሰጥ ወረቀቱ እጄ ላይ ይርገበገባል።

"ለምን ትንቀጠቀጣለህ ይልሃል" አለኝ የሹሙ አስተርጓሚ።

"ወባ ነው በልልኝ።"

ሹሙ ወደ ኋላ ሸሸ። ወረቀቱን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ማኅተም መታና እጁን በመሐረብ ጠረገ። አስተርጓሚው ሲመልስልኝ ቀስ ብሎ፣ "ወባህን ጠብቃት፤ ድሬዳዋ ሲፈትሹህም ታስፈልግሃለች" አለኝ።

ጅቡቲ ስገባ ተገላገልኩ ብዬ ነበር። ማለቴ፣ ፈረንሳዩ አይፈልገኝ፣ ቤቴን አይፈትሽ። ውሃው ጨው ጨው ይላል፤ ንፋሱ እንኳ ከምድጃ የወጣ ነው የሚመስለው፤ የክረምት ጭቃችን የሚናፍቀኝ አይመስለኝም ነበር። ግን ሰላም ነው። እንግዲህ የታመምኩት እዚህ ሰላም ውስጥ ነው። አገሬ ሳለሁ እደነግጣለሁ፣ ያልፍልኛል። እዚህ ምንም ሳይመጣ እጠብቅ ጀመር። ልቤ ይደልቃል፤ እንቅልፍ የለም፤ በሩ ሥር ባዶ ጣሳ እደረድራለሁ። ባቡር ጣቢያው አጠገብ ማለፍ እንኳ አቃተኝ።

አከራዬ የመናዊ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሀጂ እንላቸዋለን። አዲስ አበባ ሱቅ ስለነበራቸው አማርኛ ይሞክራሉ።

"ይሄ ጣሳ ምንድነው?"

"ለሌባ ነው ሀጂ።"

"ሌባ ምን ይሰርቃል? ጣሳ?"

ከዚያ ደጃፉ ላይ ተቀመጡና ግድግዳው ሥር የተኛችውን ድመት አሳዩኝ። "ድመት ይደነግጣል፣ ይዘላል፣ ይወርዳል፣ ይተኛል። ድንጉጥ ነው፤ በሽተኛ አይደለም። አንተ ዘለህ፤ አልወረድክም።"

ይህን ነገር እስከ ሽምግልናዬ ሳስበው ኖሬአለሁ። ድንጉጥነቱን ይዤው ተወለድኩ፤ ማንንም አልበደልኩበትም። ይሄኛው ግን ሌላ ነው። የሚታደነው ተሰማ ቆጥ ላይ ያንኮራፋል፤ ማንም ያልነካኝ እኔ ታመምኩ። ይሄ ለማን ይነገራል? መከራው የነሱ ሆኖ ሳለ የታመምኩት እኔ በመሆኔ አፈርኩ።

ኋላ፣ በባቡር የሚሠራ የቂርቆስ ጎረቤታችን ቤቴን አፈላልጎ መጣ። "ደስ ይበልህ፤ ተሰማ ወጥቶ ቡልጋ ወዳሉት አርበኞች ተሻግሯል። እናትህ ብቻዋን ናት። 'ዓይንህ አሁን ወደ ፈለገበት ይሂድ፤ ና' ብላሃለች።"

የወጣሁበት ምክንያት አለቀ ማለት ነው። ባቡሩም አለ። ሰውነቴ ግን እንኳን ባቡር ሊሳፈር፣ ደጁንም አልሻገር አለኝ።

"ምን ልበላት?" አለኝ።

"ሥራ ይዞታል በላት።"

ዓይኑን ጣሳዎቹ ላይ ጣለ። "ምን ሥራ?"

"ጥበቃ" አልኩት።

ሌላ ጊዜ ሲመለስ ነገረኝ። እናቴ ቂርቆስ ደጀ ሰላም ላይ ለሰዉ ሁሉ፣ "ልጄ ድንጋጤው ለቀቀው፤ ዘበኛ ሆነ" እያለች አወራች አሉ። ለእኔም የላከችው ቃል አለ፦ "ሌሊት የሚጠብቅ ሰው ቀን ይተኛ በሉት።"