ጨው የሚያልባት አበባ

ኮንዮ ኮንዮ በሚባል የባዕድ አገር ገበያ አንዲት ነጋዴ ከአመድ የተጣራ የወጥ ጨው ውሃ በጣቴ አስቀመሰችኝ። «ኩዌስ?» አለች፣ ጥሩ ነው ወይ ለማለት። ምላሴ ግን አሰብ ደርሷል!

ያኔ አሰብ ስንኖር ልጅ ነኝ። እናቴ የደጋ ሰው ናት፤ በጣሳ የተከለችው ጽጌረዳ ሁሉ በሙቀቱ እየደረቀባት «አበባ የማይበቅልበት አገር አልኖርም» ትላለች። አንድ ቀን አባቴ ከወደብ ሥራው እየሮጠ መጣና «ነይ፣ አበባ አገኘሁ!» ብሎ ወደ ባሕሩ ይዞኝ በረረ። እውነትም ጨዋማው አሸዋ ላይ ሐምራዊ አበባ ፈክቷል! ቅጠሉ ላይ ያለው ነጭ ብናኝ ስኳር መስሎኝ ላስኩት። ጨው! «የበዛባትን እንደ ላብ ታወጣዋለች» አለ አባቴ እየሳቀ።

እቅፍ ሙሉ ይዘን እየሮጥን ቤት ገባን። እናቴም ቅጠሏን ላሰች፤ አባቴን አየችው፤ ሳቀች። «በል፣ ሻንጣዬን ቁም ሳጥኑ ላይ መልስልኝ» አለችው። እሱ ሻንጣውን አቅፎ ጨፈረ፤ እኔም ምኑም ሳይገባኝ አብሬ ጨፈርኩ።

እዚያው ገበያው መሃል ቆሜ ደወልኩላት። «እማዬ፣ ያኔ አባዬን ጥለሽው ልትሄጂ ነበር እንዴ?»

«ቲኬት ቆርጬ ነበር እኮ!»

«አበባዋ አስቀረችሽ በያ!»

«ምን አበባዋ» አለች እየሳቀች፤ «አባትሽ በዚያ ሙቀት መሮጡ ነው እንጂ።»