የታንኩ በረከት

ስህተቴን ሳትቆጥሩ አንብቡልኝ። ፊደል የያዝኩት ጎልምሼ ነው፤ እጄም ከብዕር ይልቅ ማጭድ ነው የለመደው። ይህን መጻፍ የሚገባው የተማረ ሰው ነበር። ግን የተማረ ሰው ወደ ዓባይነህ ወፍጮ አይመጣም፤ ስለዚህ እየፈራሁ እኔው ደፈርኩ። የምጽፈው እሱ ራሱ እንዳወራኝ ነው።

ዓባይነህ የቋራ ሰው ነው። ወጣት ሳለ ሰሊጥ ላጭድ ብሎ ድንበር ተሻግሮ ሱዳን ገባ፤ አጨዳው አለቀ፣ እሱ ቀረ። ከገዳሪፍ ወደ ገላባት በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከትግራይ ጦርነት ሸሽተው የመጡ ስደተኞች ከሰፈሩበት ካምፕ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ጀማሉ የሚባል የገዳሪፍ ነጋዴ የተከለው የእህል ወፍጮ አለ። ዓባይነህ የዚያ ወፍጮ ጠባቂም፣ ፈጪም፣ መካኒክም ነው። አልጋው ከሞተሩ ቤት ግድግዳ ጀርባ ነው። ሚስት አላገባም። ለምን ቢሉት «እንዲሁ ስል ስል ቀረ» ይላል።

ሌላውን ሰው የሞተር ጩኸት ይረብሸዋል፤ እሱን የሚጨንቀው ዝምታው ነው። ሞተሩ አሮጌ ነው፣ ከባድ ነው፣ ቀስ ብሎ ነው የሚዞር። ዱግ ዱግ ማለት ሲጀምር የካምፑ ሴቶች ማሽላቸውን ተሸክመው ይመጣሉ። አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተደርድረው ተራ ይጠብቃሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ በትግርኛ ያሙታል። ግማሹ ይገባዋል፤ ግማሹን እንዳልገባው ይሆናል። ዱቄት ለብሶ ብቅ ሲል «ሙሽራው ወጣ» ይሉታል። ቀና ብሎ አይመልስላቸውም፤ ግን ያቺን ቃል ሲያመነዥግ ይውላል።

ወፍጮው ከቆመ እሱ ዘንድ የሚመጣ ሰው እንደሌለ ያውቃል። ማንም አልነገረውም። በበዓል ቀን ነው ያወቀው፤ ወፍጮ በሚዘጋበት በዓል በሩን የሚያንኳኳ የለም።

ካርቱም ላይ ጦርነት ከተነሳ ወዲህ ናፍጣ እንደ ልብ አይገኝም። ክረምቱ ሊገባ ሲል ሉጥፊ መጣ። ሉጥፊ ከፖርት ሱዳን ነዳጅ የሚያመላልስ የቦቴ ሹፌር ነው፤ አማርኛው ከእናቱ፣ የቀረው ሁሉ ከሱዳን ነው።

«ይሄ፣ ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ መርከብ የሚጠጣው ወፍራም ነዳጅ ነው» አለ የቦቴውን ጎማ በእግሩ እየመታ። «ወፍራሙ ብቻውን ሞተርህ ውስጥ አይሄድልህም። ከቀጭን ናፍጣ ጋር ቀይጠውታል።»

«ይስማማሉ?»

«አይስማሙም። ወፍራሙ ሆዱ ውስጥ ጥቁር ነገር አለ፣ እንደ ሬንጅ። ቀጭኑ ሲገባበት ጥቁሩ አኩርፎ ወደ ታች ይወርዳል፤ ጭቃ ይሆናል። ለዚህ ነው ሲቀይጡት መድኃኒት የሚጨምሩበት። መድኃኒቱ ጥቁሩን በትኖ ይይዘዋል፤ እንዳይሰባሰብ፣ እንዳይወርድ።»

«ሽማግሌ ነው በለኛ። ከባልና ሚስት መሀል የሚቀመጥ።»

«ተማም፣ ልክ ነህ። ግን ሽማግሌው የመጣው ለሁለቱ ነው። ሦስተኛ ካስገባህባቸው እኔ የለሁበትም። ታንክህ ባዶ ነው?»

«ባዶ ነው» አለ ዓባይነህ።

መዋሸቱ አልነበረም። አባቱ ጎተራ እስከ ወለሉ አይጠረግም ይሉ ነበር። ከግርጌ ትንሽ ትቀራለች፤ እሷ በረከት ናት፣ አዲሱን እህል የምትጠራው እሷ ናት። አባቱ ከሞቱ ዘመን ሆኗቸዋል፤ ጎተራም የለውም። ያለው ይህ የብረት ታንክ ነው። ነዳጁ ሲጎድል ከታች ጥቂት ይተዋል፣ አዲሱን በላዩ ያስሞላል። ወፍጮውን ከተረከበ ጀምሮ አንድ ቀን ጠርጎት አያውቅም። ለእሱ ያቺ ቅሪት ነዳጅ አይደለችም። ባዶ ነው ሲል በረከቷን አልቆጠራትም።

ሉጥፊ ነዳጁን ገለበጠ። «ድንገት ሌላ የምትቀይጥ ከሆነ አስቀድመህ ይህን ጨምር» ብሎ ከመድኃኒቱ በጠርሙስ ትቶለት ሄደ። ከኋላው ዝናቡ መጣ። የዋልካው ጭቃ መንገዱን ዋጠው፤ ከዚያ በኋላ ቦቴ ቀርቶ ትራክተርም አላለፈም።

ሞተሩን መጀመሪያ ሳል ጀመረው። ዓባይነህ የነዳጅ ማጥለያውን ፊልትሮ ፈታ፤ እንደ ሬንጅ የሚያጣብቅ ጥቁር ጭቃ ሞልቶታል። አጥቦ መለሰው። በማግስቱም ያው ሆነ። በኋላ አንድ ቀን ሴቶቹ ተሰልፈው ሳለ ሞተሩ ተንፈስ፣ ተንፈስ አለና ቆመ። ማስነሻውን ማኒቬላ ክንዱ እስኪዝል አዞረ። እምቢ አለው። ጠርሙሱን ይዞ ታንኩ ላይ ወጣ፤ መድኃኒቱን እላዩ ላይ አፈሰሰና በረጅም እንጨት አማሰለው። የረጋውን ሁሉ አስነሳው፤ የባሰ ሆነ።

«ሙሽራው ታመመ» አለች አንዷ። ማንም አልሳቀም። ማሽላቸውን መልሰው ተሸክመው ሄዱ። አንዳንዱ ንፍሮ ቀቀለ፤ አንዳንዱ በድንጋይ ፈጨ፤ ጉልበት ያለው ጭቃውን እየሰነጠቀ ሩቅ ወፍጮ ሄደ።

ከዚያ ወፍጮው ዝም አለ። ዓባይነህ የተጠረገውን ወለል ይጠርጋል። ደህናውን ቺንጋ ይወለውላል። ጠዋት አግዳሚውን ወደ ውጭ ያወጣል፣ ዝናብ ሲመጣ ያስገባል፤ የሚቀመጥበት የለም። አንድ ቀን «እስቲ ጨው የት አስቀመጥኩ» ብሎ ለራሱ ተናገረና በገዛ ድምፁ ደነገጠ። ምን ያህል ጊዜ አፉን ሳይከፍት እንደቆየ ያኔ ገባው።

ስልክ የሚይዘው ከወፍጮው ጀርባ ካለው ኩይሳ ላይ ሲወጡ ነው። ወጥቶ ለሉጥፊ ደወለ።

«ጭቃ ሆነብኝ።»

«ባዶ ነው አላልከኝም?»

«ባዶ ነበር። በረከቷ ብቻ ነበረች።»

«የቷ በረከት?»

አስረዳው። ሉጥፊ ሳቀ። ቀጥሎ አዘነለት መሰለኝ፣ ድምፁ ለስለስ አለ። «አያ ዓባይነህ፣ እሷ ናት የበላችህ። የስንት ዘመን ዝቃጭ ከነውሃው። መድኃኒቱ የተለካው ለአዲሱ ነው፤ አሮጌው ሲጨመርበት አቃተው። አንዴ ከወረደ ደግሞ በመድኃኒት አይነሳም። ከላይ ያለውን ቀስ ብለህ ቅዳና በርሚል ውስጥ ይርጋ፤ በጨርቅ አጥልለህ ሞክረው። ታንኩን ግን ጥረገው። እስከ ወለሉ። ኸላስ፣ በቃ።»

የላይኛውን ቀዳ። በርሚሎቹ ሞሉ። ከታንኩ ግርጌ ጥቁሩ ቀረ። ማፍሰሻውን ጨበጠ፣ ለቀቀ። መልሶ ጨበጠ፣ ለቀቀ። ከቋራ ሲወጣ የያዘው ጋቢ አልቋል፣ ዱላው ተሰብሯል፤ ከአባቱ ቤት የቀረው ይህ ልማድ ነበር። እንዲሁ እጁን እየሰነዘረ እየመለሰ ሰነበተ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ትብለጽ መጣች። ትብለጽ ከሁመራ ገጠር ወጥታ በሐምዳይት በኩል የገባች ሴት ናት፤ ከሴቶቹ ሁሉ አፈኛዋ፣ «ሙሽራው» ብላ ስም ያወጣችለትም እሷ ናት።

«አያ ዓባይነህ፣ አለህ ወይስ ሞተርህን ተከትለህ ሄድክ?»

«አለሁ።»

«ይሄም አለሁ ይላል። እዚህ የረሳሁትን ወንፊቴን ልወስድ ነው የመጣሁ፤ አንተን ልጠይቅ እንዳይመስልህ።»

ግን አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። እሱም ሳያስበው ሁሉንም ነገራት፤ ስለ ነዳጁም፣ ስለ አባቱ ጎተራም። ሰምታ ጭቃውን ከጫማዋ በእንጨት መጥረግ ጀመረች።

«የኔ ጎተራ ሙሉ ነበር» አለች። «አንድ ቁና አልቀነስኩበትም። እንደሞላ ትቼው በእግሬ ወጣሁ። ሙሉ በረከት። እስካሁን አልጠራኝም።»

ዓባይነህ ወንፊቱን አምጥቶ አግዳሚው ላይ አኖረላት። እሷም ያንተ ሰዎች የት ነበሩ አላለችውም፤ እሱም ማን አስወጣሽ አላላትም። ሁለቱም ያን የጦርነት ወሬ አያነሱትም።

«ታዲያ ልጥረገው?» አላት በመጨረሻ።

«እኔን ነው የምትጠይቅ? እኔ እንደሁ ንፍሮ ሰልችቶኛል።»

ደመናው ሲጠቁር ተነስታ ሮጠች። ወንፊቱ አግዳሚው ላይ ቀረ።

በነጋታው ዓባይነህ ማፍሰሻውን ከፈተ። ጥቁሩ እየጎተተ ወርዶ አሮጌ በርሚል ውስጥ ገባ፤ ከኋላው ውሃ መጣ፣ ከውሃው ኋላ ዝገት። በረጅም እንጨት ላይ ጨርቅ ጠምጥሞ፣ ወለሉ ብረት እስኪመስል ፈተገው። ምንም አልተወም። በጣቱ ሲያንኳኳው ጮኸ፤ ሰምቶት የማያውቀው ድምፅ ነው። ክዳኑን ለፀሐይ ከፍቶ ተወው። በርሚሎቹን አያቸው፤ ታንኩ እስኪደርቅ የሚሠራው ሥራ የለም። እጁን በአሸዋና በሳሙና አሸው፤ ጥፍሩ ሥር ያለው ጥቁር አልለቀቀም። ንጹሑን ጀለቢያ ለበሰ፣ ወንፊቱን ብብቱ ሥር ሸጎጠ፣ ጫማውን በእጁ ይዞ ጭቃው ውስጥ ገባ። ካምፑ ከተተከለ ጀምሮ ሰዉ ወደ እሱ ይመጣል እንጂ እሱ ወደ ካምፑ ሄዶ አያውቅም። ከመጀመሪያዎቹ ጎጆዎች ሲደርስ ልብስ የምታሰጣ ሴት አገኘ። ጉሮሮውን ጠረገና «የትብለጽ ቤት የቱ ነው?» ብሎ ጠየቃት።