እስከ ነገ አንተ ያዘው

አክስቴ ወናጎ ላይ የሕፃናት ማቆያውን የከፈቱት፣ እናቶች ልጅ አዝለው ቡና ሲለቅሙ እያዩ አላስችል ብሏቸው ነው። ማቆያው የሚኖረው ግን የመንግሥት በጀቱ በየዓመቱ ሲታደስ ብቻ ነበር። ስለዚህ ማመልከቻ ይዘው ዲላ፣ ዞን ቢሮ በሄዱ ቁጥር ከማቆያው አንድ ሕፃን፣ እናቱን አስፈቅደው፣ አዝለው ይሄዳሉ።

ኃላፊው "እማማ፣ ነገ ይመለሱ" ሲላቸው አይከራከሩም። ማዘያውን ፈትተው ሕፃኑን ጭኑ ላይ ያስቀምጡለታል።

"እሺ ልጄ፣ እስከ ነገ አንተ ያዘው።"

ከዚያ ወንበር ስበው ይቀመጣሉ። እኔ አብሬያቸው ስሆን የምገባበት ይጠፋኛል። አንድ ቀን ከቢሮ እንደወጣን ተቆጣኋቸው።

"ወረቀት አያለቅስም" አሉኝ፣ ሕፃኑን መልሰው እያዘሉ። "የማያለቅስ ነገር ደግሞ መሳቢያ ውስጥ ይረሳል።"

ካረፉ ሦስት ወር ሆናቸው። ዛሬ ጠዋት ማመልከቻውን እኔ ይዤ ሄድኩ። ኃላፊው በር ላይ ሲያየኝ፣ እንደ ልማዱ ማኅተሙንና የቀለሙን ሣጥን ከሕፃን እጅ አርቆ ጠረጴዛው ዳር አደረገ። ቀና ሲል ጀርባዬ ባዶ ነው። ማመልከቻውን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት። ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ነገ ተመለሺ" አለኝ።

ነገ ከማቆያው እናቶች አንዷ ልጇን ልትሰጠኝ ተስማምታለች። የአክስቴ ማዘያ እኔ ጋ ነው። በትራስ ብሞክረው እየተንሸራተተ ይወድቅብኛል። እንዴት እንደሚታሰር ሳልጠይቃቸው ሄዱ።