የቱርክ ቀሚስ

ቲክቶክ ላይ ቀሚስ እሸጣለሁ። የምትሰፋው እናቴ ናት፤ እኔ ግን «የቱርክ ነው» እያልኩ ነበር የምለጥፈው። ቦሌ ለሴት ነጋዴዎች በተሰጠ ስልጠና ላይ አሰልጣኟ «ራሳችሁን ሁኑ፣ ደንበኛ እውነት ይወዳል» አለችን። እኔም ሞኝ አመንኳት። በማግስቱ ገርጂ ባለችው ጠባብ ቤታችን እናቴን ስትሰፋ ቀረጽኳት። «ሰው ሊያየኝ ነው እኮ» ብላ የበዓል ነጠላዋን አውጥታ ለበሰች።

ሰው አያት። «እናት ትኑርልን» የሚል ጎረፈ፤ የሚገዛ ግን ጠፋ። ስፌቱን ስታደንቅልኝ የኖረች የሰሚት ደንበኛዬ ደወለች።

«የሰፈር ስፌት ነው እንዴ ስታለብሺኝ የከረምሽው?»

«ትወጂው የለ እንዴ?»

«የቱርክ መስሎኝ ነዋ፣ የኔ እህት።»

ዋሽቻታለሁ፣ አልክድም። ግን ውሸቴን ይቅር ትል ነበር፤ የእናቴን እጅ ነው ይቅር ያላለችው።

እናቴ ሁሉንም ሰምታለች። ቅዳሜ መርካቶ ሄዳ፣ ቀሚስ አንገት ላይ የሚሰፋ የቱርክ ስም የተጻፈበት ጨርቅ በጥቅል ገዝታ መጣች። መነጽሯን አደረገችና አንድ በአንድ መስፋት ጀመረች።

«ያን ቪዲዮ አጥፊው» አለችኝ፣ ቀና ሳትል።

አጠፋሁት። ገበያው ተመልሷል። ነጠላዋ ግን እንዴት አምሮባት ነበር።