በእናቴ ማኅበር የቀረበ አንጮቴ

ስለ እህል ሲነሳ ሰቆጣ ውስጥ ሁሉም ባላባት ነው። ሥር መብላት የክፉ ቀን ሥራ ነው ይባላል፤ የበላም በልቻለሁ አይልም። ይህ ኩራት አይጥመኝም። እኔ የምኮራበት ሌላ ነው።

ወለጋ አስተምሬ ስመለስ ሚስት ይዤ መጣሁ፤ እሷ ደግሞ ሥሩ እንደ ድንች ተቆፍሮ የሚበላ የአንጮቴ ዘር ይዛ መጣች። በእናቴ አጥር ጥግ ዘራችው። ክረምቱ ሲገባ ሐረጉ አጥሩን አለበሰው። ለጋ ቅጠሉን ቀንጥሳ እንደ ጎመን ስትቀቅል ያየች ጎረቤታችን፣ «እኛ አገር ሐረግ የሚበላው ፍየል ነው» አለቻት።

«ለዚህ ነዋ ፍየሎቻችሁ ከእናንተ የሚወፍሩት» አለች ሚስቴ።

እኔ ሳቅሁ። እናቴ አልሳቀችም።

በኅዳር ጽዮን የእናቴ የጽዋ ተራ ደረሰ። «ሥርሽን ከመሶቤ አርቂልኝ፤ ልጇ ሥር ቆፋሪ አገባ አታስብይኝ» አለቻት። ሚስቴ «እሺ እማዬ» አለች። እሺታዋን ግን አውቀዋለሁ።

ማኅበርተኛው ተቀምጦ ሽሮው እንደ ቀረበ አንጮቴው ተከትሎ ገባ፤ ከነልጣጩ ተቀቅሎ፣ ተልጦ፣ ጾም ነውና በቅቤ ፋንታ በኑግ ዘይትና በበርበሬ ተለውሶ። እጅ ሁሉ ባለበት ቆመ።

«ምንድን ነው ይኼ፣ ልጄ?» አሉ የማኅበሩ ቄስ።

«አንጮቴ ነው፣ አባ። እኛ ዘንድ በመስቀል እንግዳ የሚከበርበት።»

ያችው ጎረቤት ወደ ጎን ዘንበል ብላ በኽምጣንጋ፣ ክፉ ቀን ሳይመጣ ሥር ሊያበሉን ነው አለች። ሚስቴ ቋንቋውን ባታውቅም ሳቁ ገባት። ሳህኑን ልታነሳ እጇን ዘረጋች።

እናቴ እጇን ያዘቻት። በሌላ እጇ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልላ ጎረሰች፤ ሰው ሁሉ እያያት ቀስ ብላ አኘከች። ከዚያ ምራቷ እንድትሰማ በአማርኛ፣ «በክፉ ቀን ሥር ቆፍሮ ያልበላ ካለ ይነሳና ይሂድ። እኔ ይህን ልጅ ያሳደግሁት በሥር ነው። ያን ጊዜ እንዲህ አጣፍጦ የሚሠራልኝ አጣሁ እንጂ!» አለች።

የተነሳ የለም። ጠላው ስላላለቀ ነው የሚል ይኖራል፤ እኔም ብዬዋለሁ። ቄሱ ግን እጃቸውን ሰደዱ። ጎረቤታችንም ጎረሰች፤ ደገመችም።

ስለ ጀግኖች ብዙ አንብቤያለሁ። ዕድሜ ልኩን ያፈረበትን ነገር አገር በተሰበሰበበት ያኘከ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

በተከታዩ ክረምት እናቴ ዱላዋን ይዛ አጥሩን ትጠብቅ ነበር። «ዞር በል!» ትላለች የጎረቤታችንን ፍየል፤ «የምራቴ ነው!»