ዙበይዳ ለኮምፒውተሩ የሰፋችው ልብስ

አብሮ አደጌ ዙበይዳ ደብረ ታቦር ገበያ፣ በረንዳ ላይ ልብስ ሰፊ ናት። ልጆች ሳለን እናቷም በዚያው በረንዳ ላይ ይሰፉ ነበር፤ ዛሬም በዚያ ሳልፍ የስፌት መኪናው ሲንኳኳ፣ የሚረግጠው የማን እግር እንደሆነ ይምታታብኛል።

ልጇ ሙኒራ ባሕር ዳር አርክቴክቸር ትማራለች። ባለፈው ክረምት ለትምህርቷ ኮምፒውተር ሊመርጡ ሲሄዱ አብሬያቸው ነበርሁ። ባለሱቁ ሙሄ ሁለት አቀረበላቸው፤ አንዱ አዲስ፣ ቀጭን፣ የሚያብረቀርቅ፤ ሌላው ያገለገለና ወፍራም።

«ቆንጆውን ውሰጂ» አለች ዙበይዳ። «ያኛው ያቃስታል።»

«መተንፈሱ ነው፣ እማዬ። የንድፉን ፕሮግራም የሚችለው እሱ ነው። ቆንጆው ከጽሕፈት አያልፍም።»

ሙሄ ሳቀ። «እትዬ ዙበይዳ፣ ሙሽራ እየመረጡ ነው እንዴ?»

«ሙሽራማ ቢሆን አንተ ዘንድ ምን አመጣኝ!»

ወፍራሙ ተገዛ። የጨርቁ ብናኝ እንዳይገባበት ዙበይዳ በማግስቱ ልብስ ሰፋችለት፤ ከሥርም ከጎንም ጥብቅ አድርጎ የሚይዝ፣ ጠርዙ አበባ የተጠለፈበት። ክፍት የቀሩት ፊደሎቹና ስክሪኑ ብቻ ነበሩ።

ሙኒራ ትምህርት ሲከፈት የምታስረክበው የጤና ጣቢያ ንድፍ ነበራት፤ ካላደረሰች ዓመቱን ልትደግም ነው። ግድግዳውን አቁማ ጣሪያውን ልትከድን ስትል ኮምፒውተሩ ድርግም ይላል። ብትከፍተው፣ ቆይቶ እንደገና ድርግም። አንድ ቀን ከሰዓት ወደ በረንዳው ብቅ ስል ታለቅሳለች።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ እማዬ። አንቺ ያልሽውን ብመርጥ ኖሮ…»

ዙበይዳ የታመመ ልጅ ግንባር እንደምትዳስስ መዳፏን ኮምፒውተሩ ላይ አሳረፈች።

«ኧረ ይኼስ ትኩሳት አለው!»

ሙኒራ ልብሱን ከጎን ገለጥ አደረገችው። የአየር መውጫው በሙሉ ከጥልፉ ሥር ተሸፍኗል። እናቷን ቀና ብላ አየቻት።

«አፍኜው ኖሯል» አለች ዙበይዳ ቀስ ብላ። «ለካ እኔ ነኝ።»

«የጉና ተራራ ብርድ እንዳይመታው ብለሽ ነዋ!»

ሁለቱም ሳቁ፤ ሙኒራ እንባዋን እንኳ አላበሰችም። ዙበይዳ ልብሱን አውልቃ ልትጥለው ስትል ሙኒራ እጇን ያዘቻት፤ የሳሙና ቁራጭ አንስታም መውጫው ያለበትን አሰመረችላት። እናት በመቀስ ከፈተችው፤ ዳር ዳሩንም እንደ ቁልፍ ቀዳዳ ዘመዘመችው።

ሙኒራም ወዲያው አልብሳው ሥራዋን ቀጠለች። ጣሪያው ተከደነ። ኮምፒውተሩም አልጠፋም። ዙበይዳ ወንበሯን አስጠግታ ሥዕሉን አየች።

«ልጅ ታቅፈው ተራ የሚጠብቁት የት ይቀመጣሉ?»

ሙኒራ አሰበች። ከዚያ በጤና ጣቢያው በረንዳ ላይ አግዳሚ ወንበር መሳል ጀመረች።