የተነካ ንጉሥ

ሰፈርተኛው ሁሉ «ፍሬን» ይላታል። መኪና መንዳት ታስተምራለች፤ ተማሪዎቿ ከመሪው በፊት የሚለምዱት ጩኸቷን ነው። «ፍሬን! ፍሬን ያዝ! መንገዱ የአባትህ ነው?» ስትል በዳር የሚያልፍ እግረኛ ሳይቀር ቀጥ ብሎ ይቆማል። ቶሎ ቱግ ብላ ቶሎ ትበርዳለች ይባላል። እንዲህ የሚሉት ግን ቼዝ ክለቡ ድረ ገጽ ልክፈት ብሎ የተነሣበትን ጊዜ ያላዩ ናቸው። ያኔ ንዴቷ ቀን በቀን እየጨመረ ሄደ እንጂ አልበረደም፤ ነገሩን የሚያውቅ ደግሞ አይፈርድባትም።

ቼዝ አትጫወትም። ፈረስ ለምን እየታጠፈ እንደሚሄድ ሊያስረዷት ሲሞክሩ «ይሄማ መንጃ ፈቃድ አያገኝም» ብላ ከወንበሯ የተነሣች ሴት ናት። የክለቡ ጸሐፊ የሆነችው በታላቅ ወንድሟ ምክንያት ነው።

«ወንድምጋሼ» የምትለው ይህ ወንድሟ አናጺ ነው። ክለቡ ከአንድ ጫማ መደብር በላይ ያለች ረዥም ክፍል ስትሆን ወንበሩም ጠረጴዛውም የእሱ እጅ ሥራ ነው። ከሁሉም የሚበልጠው የግድግዳው ሰሌዳ ነው። በር የሚያህል ጣውላ ላይ በየካሬው አንድ ምስማር አለ፤ በየምስማሩም ከስስ እንጨት የተቆረጡ መጫወቻዎች ይንጠለጠላሉ። በዚህ ሰሌዳ ላይ ወንድምጋሼ ብቻውን ከክለቡ ሁሉ ጋር ይጫወት ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ አባላቱ ተጨቃጭቀው አንድ እርምጃ ይሄዳሉ። እሱ በሳምንቱ መካከል ከሥራ ሲመለስ ጎራ ይልና የመጋዝ ብናኝ ከፀጉሩ እያራገፈ መልሱን ይሰቅላል። መጫወቻዎቹ አናታቸው ላይ አንድ ቀዳዳ አላቸው፤ ሁለቱ ነገሥታት ብቻ እግራቸውም ላይ ተበስተዋል። ተሸነፍኩ ያለ ወገን ንጉሡን ዘቅዝቆ ይሰቅላል። ቀዳዳውን የበሳው ራሱ ወንድምጋሼ ቢሆንም የራሱን ንጉሥ ግን አንድም ቀን ዘቅዝቆ አያውቅም። «ማት ብላችሁ ንጉሤን መውጫ ካላሳጣችሁት አልሄድላችሁም» ይል ነበር።

አንድ ቀን ከሰው ጣራ ላይ ወደቀ። ነፍሱ ተረፈች፤ ወገቡ ግን አልሆነለትም። ኑሮው ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ ሆነ። የክለቡን ደረጃ መውጣትማ የማይታሰብ ነው።

ፍሬንን ከውድቀቱ ይልቅ ያንገበገባት ከዚያ በኋላ ያመጣው ጨዋነት ነው። እነሱ ቤት ሰው የሚዋደደው እየተጯጯኸ ነበር። አሁን ግን ሾርባ ስትሰጠው «እግዜር ይስጥልኝ»፣ ትራሱን ስታስተካክልለት «አትቸገሪ እህቴ» ይላል። በእንግዳ ቤት ያደረ ሰው መሰለ። ይህን ስትሰማ ወጥታ መኪናዋ ውስጥ ተቀምጣ መሪውን ትደበድባለች።

መጀመሪያ ላይ የሰሌዳውን ፎቶ እያነሣች ታመጣለት፣ መልሱንም ወስዳ ትሰቅልለት ነበር። ትንሽ ቆይቶ እምቢ አለ።

«ምነው ወንድምጋሼ? ምን አጠፋሁ?»

«አንቺማ ምን አጠፋሽ። እኔ ግን እንደ በሽተኛ ሳህን እየተላከልኝ አልጫወትም። እዛ ቤት ራሴ ገብቼ፣ ማን ምን እንዳለ ሰምቼ ነበር የምጫወተው። አትቸገሪ፣ ይቅር።»

የድረ ገጹ ሐሳብ የመጣላት ያኔ ነው። ሰሌዳው ሁልጊዜ የሚታይበት፣ ሥሩ አባላቱ የሚከራከሩበት፣ እሱም እንደማንኛውም አባል ማንንም ሳይለምን ገብቶ የሚወጣበት ገጽ እንዲኖር ፈለገች። የውድድር ቀንና የአዲስ አባላት ምዝገባም እዚያው ይለጠፋል። ክለቡ ስለ ድረ ገጽ ሲያወራ የኖረ በመሆኑ ሐሳቧን የተቃወመ አልነበረም።

ያገለገለ መኪና ልግዛ ብሎ የሚያማክራት ሰው ሲመጣ ፍሬን መኪናውን ወደ ከፋው ዳገት ይዛ ትወጣለች። «ሜዳ ላይማ ጋሪም ይሄዳል» ትላለች። ድረ ገጹንም የፈተነችው በዚሁ መንገድ ነው፤ ዳገቷ የወንድሟ ስልክ ነበር። መስታወቱ የተሰነጠቀ፣ ያረጀ፣ ቀርፋፋ ስልክ ነው። አዲስ ልግዛልህ ብትለው «ይሄ ይደውላል፣ ያነሣል፤ አትቸገሪ» ብሎ መልሷታል። እሷም በዚያ ስልክ የሌሎች ክለቦችን ገጾች አንድ በአንድ ከፈተች። አንዱ ይንቀረፈፋል፣ አንዱ ስልኩን ያደርቀዋል። በመጨረሻ አንድ ቀላል ሶፍትዌር አገኘች። መልእክት እንደሚጻፍ ይጻፍበታል፣ ፎቶ ይለጠፍበታል፣ አለቀ። ገጹ የሚቀመጥበትን ቦታ፣ ማለትም ሆስቲንግ የሚሉትን የሚያከራይ ትንሽ ድርጅትም እዚያው ከተማ ውስጥ ነበር። ስትደውል ድምጿ የደከመ ሴት አንሥታ «ምን ልታዘዝ?» አለቻት። ሰው ስልክ ማንሣቱ ለፍሬን በቂ ነበር።

ይህን ይዛ ወደ ኮሚቴው ሄደች። መሄዷ ነው ጥፋቱ።

የኮሚቴው ሊቀመንበር ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው። ውድድር ሲኖር የቼዙም ዳኛ እሳቸው ናቸው፤ በሕግ ቀልድ አያውቁም። ሁለተኛው አንድ መሐንዲስ ነው። ልቡ ጥሩ ቢሆንም ቀላል ነገር ሲያይ የተሰደበ ይመስለዋል። ሁለቱም ነገርን እንደ ቼዝ ነው የሚያስቡት፤ ይህን ብናደርግ ያ ይመጣል፣ ያ ቢመጣ እንዲህ እንመልሳለን እያሉ። ለድረ ገጹ ምርጫ የተጠራው ስብሰባ በሌላ ስብሰባ ተተካ፣ ያም በሌላ። አንዴ አባላቱ እጥፍ ቢሆኑስ ይባላል፤ አንዴ ከባሕር ማዶ ሰው ውድድራችንን ልመልከት ቢልስ ይባላል።

«ኧረ በፈጣሪ ጨጓራዬን አትላጡት!» አለች ፍሬን አንድ ቀን ጠረጴዛውን በጥፊ ብላ። «ባሕር ማዶ ማን ያውቃችኋል? እዚህ ሁለት መንገድ ተሻግሮ የተኛ ሰው ነው የሚጠብቃችሁ!»

«ወይዘሮ፣ ስሜትና ስሌት ይለያያል» አሏት ዳኛው።

ታዲያ ስሌታቸው ምን አመጣ? መሐንዲሱ አንድ ትልቅ የውጭ ድርጅት ያገኝና ኮምፒውተሩን ዘርግቶ ለኮሚቴው ያሳያል። ሲያሳይ፣ ሲያብራራ፣ እጁ ስቶ ይሁን ጓጉቶ «ጀምር» የሚለውን ቁልፍ ተጫነ። ከኋላ የቆመ አባል ለቀልድ «ነክተሃል!» አለ። ሳቁ ቤቱን ሞላው። በዚህ ክለብ መጫወቻ የነካ ሰው በነካው መጫወት አለበት፤ ልመልሰው ማለት ነውር ነው። ዳኛው ግን አልሳቁም። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ።

«ነክቷል» አሉ። «የተነካ ይሄዳል። የክለቡ ምርጫ ይኸው ነው።»

ፍሬን ቀልድ መሰላት። ፊታቸውን ስታይ ደሟ ፈላ። ለወራት የተሰላው ስሌት በአንድ ጣት አለቀ! በእንጨት ፈረስ ሕግ የሰው ጉዳይ ሲወሰን ዓይኗ እያየ አንድም ሰው «ኧረ ተው» አላለም፤ እንዲያውም አጨበጨቡ። በሩን ገጭ አድርጋ ዘግታ ስትወጣ ታች ያለው የጫማ መደብሩ ባለቤት ቀና ብሎ ጣራውን አየ።

ገጹ ተሠራ። እውነት ለመናገር በትልቅ ስክሪን ሲያዩት ያምራል። ፈረሶች ከላይ እየዘለሉ ይወርዳሉ፤ ንግሥቲቱ ትሽከረከራለች። ፍሬን ተስፋ ቆርጣም ቢሆን ወንድሟ ዘንድ ሄዳ «በል ክፈተው» አለችው። ከፈተው። ነጭ ሆኖ መሃሉ ላይ አንዲት ክብ ትዞር ጀመር። ጠበቁ። ክቧ ትዞራለች። ሾርባው በረደ፤ ክቧ አሁንም ትዞራለች። ወንድምጋሼ ስልኩን ቀስ ብሎ ብርድ ልብሱ ላይ አስቀመጠው።

«እህቴ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ» አለ። «ቅዳሜ ስትሄጂ ንጉሤን ዘቅዝቂልኝ።»

«ምን?»

«ሰዎቹ እኔን እየጠበቁ ሰሌዳው ያለ ሥራ ተገትሯል። ሌላ ሰው ይጫወትበት። ስልኩንም ውሰጂው፣ ለኔ ምን ያደርግልኛል? እግዜር ይስጥልኝ።»

ቢጮህባት በወደደች ነበር። ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። በዚያ ሳምንት መኪናዋ ውስጥ የገባ ተማሪ ሁሉ በሰው ዕዳ ተሰደበ።

ቅዳሜ ክለቡ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ፍሬን ሰላምታ ሳትሰጥ በጠረጴዛዎቹ መሃል አልፋ ወደ ግድግዳው ሄደችና የወንድሟን ንጉሥ ከምስማሩ ላይ አወረደችው። ልትዘቀዝቀው ነበር። እግሩ ላይ ያለችውን ቀዳዳ ስታይ ግን ብልጭ አለባት። ንጉሡን እንደጨበጠች ዞረች።

«ማነው አሁን ሰዓት የያዘ?» አለች።

የቼዝ ሰዓት አቀበሏት። ያረጀ ባለ ሁለት ፊት ሰዓት ነው፤ ጊዜ ሲያልቅ ትንሿ ቀይ ባንዲራ ትወድቃለች። ዳኛውና መሐንዲሱ ፊት ጠረጴዛው ላይ ደቅ አደረገችው፤ አጠገቡም የወንድሟን ስልክ።

«ገጻችሁን ክፈቱ። በራሳችሁ ዋይፋይ፣ በራሳችሁ ሰዓት። ባንዲራው ሳይወድቅ ከተከፈተ ይህችን ክፍል ሁለተኛ አልረግጣትም።»

መሐንዲሱ ከፈተ። እሷ ሰዓቱን ተጫነች። ክቧ መዞር ጀመረች። በየጠረጴዛው ያሉት ጨዋታቸውን አቁመው መጡ። ከሰዓቱ ቀጭ ቀጭ በቀር የሚሰማ አልነበረም። መሐንዲሱ ግንባሩን ጠረገ፣ ስልኩን ወደ መስኮት አዞረ፣ መልሶ አዞረ። ባንዲራዋ ቀና አለች፣ ተንጠለጠለች፣ ወደቀች። ክቧ ትዞራለች።

«ይሄ የማን ስልክ ነው?» አለ መሐንዲሱ ድምፁ ዝቅ ብሎ።

«የተቀመጥክበትን ወንበር የሠራው ሰውዬ!» ጮኸች ፍሬን። «ይኼን ሁሉ ወራት ስለማን ስናገር የነበረ መሰለህ? ፈረስ ከሰማይ አውርዱልኝ አልኩ? አንድ ሰሌዳ! አንድ ፎቶ! እሱ እኮ ተሸነፍኩ ብሎ ላከኝ! እናንተ አላሸነፋችሁትም፤ ይቺ ክብ ናት ያሸነፈችው!»

በጨበጠችው ንጉሥ ወደ ስልኩ ትጠቁማለች። ዳኛው ሰዓቱን አንሥተው የወደቀችውን ባንዲራ አዩ።

«ጊዜው አልቋል» አሉ በመጨረሻ። «የኮሚቴው ገጽ ተሸንፏል። እርስዎ ያሉት ቀላሉ ይሁን።» ከዚያ እጇን አዩ። «የያዙት ግን የሰሌዳው ንጉሥ ነው?»

«አዎ። ዘቅዝቂልኝ ብሎኛል።»

«አልዘቀዘቁትም። አንሥተው ይዘውታል። የተነካ ይሄዳል።»

«ጋሼ ዳኛው፣ ዛሬ እንኳ ይተዉኝ…»

«ሕግ ነው» አሉ ዳኛው፤ ድምፃቸው ግን እንደ ወትሮው አልደረቀም። «ይጫወታሉ፤ ጨዋታውም ይቀጥላል።»

ንጉሡን ወደ ሽማግሌው ግንባር ልትወረውረው ምንም አልቀራት። ወደ ግድግዳው ሄደች። ንጉሥ አንድ አንድ ካሬ እንደሚሄድ ብቻ ታውቃለች። ወደ ኋላ መንዳት ደግሞ በሕይወቷ አትወድም። ወደ ፊት፣ ባዶው ካሬ ላይ በንዴት ሰቀለችው። ከኋላዋ የቆሙት ባንድ ላይ ቃተቱ፤ አንዱማ ዓይኑን ሸፈነ።

የዚያኑ ዕለት ቀላሉ ገጽ ቆመ። መሐንዲሱ ለሳምንታት የደከመባቸውን ፈረሶች ያለ አንድ ቃል አጠፋና የሰሌዳውን ፎቶ በዚያ በተሰነጠቀ ስልክ ወዲያው እስኪከፈት ድረስ እያሳነሰ ሞከረው። አባላቱ ከሥሩ አስተያየት መጻፍ ጀመሩ። ፍሬን አላመሰገነችውም፤ ንዴቷ ገና አልወጣላትም ነበር።

ቤት ገብታ ስልኩን የወንድሟ አልጋ ላይ ጣል አደረገችው። «ክለቡ በሩን ከፍቷል። ካሰኘህ ራስህ ግባ» ብላ ወጣች። ኮሪደሩ ላይ አንዱን ጫማዋን አውልቃ ሌላውን ሳታወልቅ ከመኝታ ቤቱ ጩኸት ተነሣ።

«ማነው? ማነው ንጉሤን ሜዳ ላይ ያሰጣው? አንቺ! ነይ ወዲህ!»

ጫማዋን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ከወደቀ ጀምሮ ይህን ድምፅ አልሰማችውም ነበር። እሷም ጮኸች።

«እኔ ነኝ! ነካሁት፣ ዳኛው አስጫወቱኝ! ምን ታመጣለህ?»

«ወደ ኋላ ቦታ ነበረው እኮ! ንጉሥ እንደ አውቶቡስ መንገድ መሃል ይገተራል? ማስተማሪያ መኪና መሰለሽ?»

«ካላማረህ ራስህ አስተካክለው!»

«አስተካክለዋለሁ! ውጪልኝ፣ ላስብበት!»

ቆይቶ የስልኩ መስታወት በጣት ሲንኳኳ ተሰማ፤ እንደ አናጺ ጣት ከባድና ዘገምተኛ። ፍሬን በራሷ ስልክ ገጹን ከፈተች። ከፎቶው ሥር፣ ከአባላቱ ሐሜት በታች፣ እንዲህ የሚል ተጽፎ ነበር፦

«ይህን የሄደችው እህቴ ናት። መጥፎ እርምጃ ነው። ተነክቷልና ይጸናል። ንጉሤን ማንም እንዳይዘቀዝቅ። ተራው የእናንተ ነው።»

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። ከዚያ ጫማዋን ወረወረችና «መጥፎ ያልከው ምኑ ነው?» እያለች ተመልሳ ገባችበት።